አንድ ቁልፍ በጊዜ ገደብ ማንበብ፦ ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር ስክሪኑ አይታደስም

ጥቁር ስክሪን (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በጄቤዚክ (ቤዚክ ከሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች በአንዱ) የተጻፈ አንድ የቆየ ፕሮግራም እንዳስተካክል ተሰጥቶኛል። ፕሮግራሙ የሚሠራው በሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሲሆን ተጠቃሚዎቹ ከሩቅ በሚያገናኘው ኤስኤስኤች እየገቡ ከተርሚናል ይጠቀሙበታል። ስክሪኑ ወረፋ የያዙ ሥራዎችን ዝርዝር ያሳያል። ዝርዝሩ በየ5 ሰከንዱ ከፋይሉ እንደገና ተነብቦ መታደስ አለበት፤ ተጠቃሚው ደግሞ ኢንተር ሳይጫን በቀስት ቁልፎች ወደ ላይና ወደ ታች መሄድ፣ በአንድ ፊደል ትእዛዝ መስጠትና በኢስኬፕ መውጣት መቻል አለበት። ለ10 ደቂቃ ማንም ምንም ካልነካ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲዘጋም ይፈለጋል።

ቀድሞ የነበረው ኮድ ቁልፍ የሚጠብቀው እየተሽከረከረ ነበር። በተርሚናሉ ባፈር (የተጫኑ ቁልፎች እስኪነበቡ በሚቆዩበት ቦታ) ውስጥ የገባ ነገር መኖር አለመኖሩን በሲስተም(14) ይጠይቃል፤ ከሌለ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ ተመልሶ ያንኑ ይጠይቃል። ሥራውን በትክክል ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ስክሪኑን የከፈተ እያንዳንዱ ሰው አንድ የፕሮሰሰር ኮር ለብቻው ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ ሉፑን አውጥቼ በሚከተለው ተካሁት። ለማንበብ እንዲቀል የቋንቋውን ትእዛዞች በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ፤ ጎሰብ ማለት ቀጥሎ ስሙ የተጻፈውን የፕሮግራም ክፍል ጥራ ማለት ነው።

ሉፕ
   ኢን ኮድ ፎር 50 ዜን
      ጎሰብ ቁልፍ.ተቀበል
   ኤንድ ኤልስ
      ጎሰብ ስክሪን.አድስ
   ኤንድ
ሪፒት

ከፎር ቀጥሎ ያለው ቁጥር የሚቆጠረው በሰከንድ አሥረኛ ስለሆነ 50 ማለት 5 ሰከንድ ነው። ኢን የተጫኑትን ቁልፍ የአስኪ ቁጥር በተለዋዋጩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጊዜው ካለፈ ወደ ኤልስ ይሄዳል። ፕሮሰሰሩ ወዲያው አረፈ። ሆኖም ሁለት ነገሮች አልተስተካከሉም። አንደኛው፣ ማንም ሳይነካው ሲቀር ዝርዝሩ በየ5 ሰከንዱ በሚገባ ይታደሳል፤ አንድ ሰው በዝርዝሩ ላይ በቀስት መመላለስ ሲጀምር ግን እጁን እስኪያነሣ ድረስ የቆየ መረጃ እንደያዘ ይቀራል። ሁለተኛው፣ የላይ ቀስት ሲጫኑ ፕሮግራሙ እንደ ኢስኬፕ ቆጥሮት ይዘጋል፤ ከተዘጋም በኋላ ትእዛዝ በሚሰጥበት መስመር ላይ አንድ የቅንፍ ምልክትና አንድ የላቲን ፊደል ተጽፈው ይገኛሉ። የእነዚህ መነሻ ምን እንደሆነና በተለመደው መንገድ እንዴት እንደሚፈታ ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

አሮጌ ኮድ (መልስ)

ስለ ቀስቱ ሌሎች የተሻለ እንደሚያስረዱዎት አምናለሁና በመጀመሪያው ላይ ልቆይ። ያቀረቡት ኮድ የሚለካው ከመጨረሻው ቁልፍ ወዲህ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንደተባለ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ዝርዝሩ ከታደሰ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ማወቅን ነው። ኢን በተጠራ ቁጥር 5 ሰከንዱን ከዜሮ ይጀምራል፤ ስለሆነም በየ4 ሰከንዱ አንድ ቁልፍ የሚነካ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢቀመጥ ኤልስ አንድ ጊዜም አይደረስበትም። የ10 ደቂቃው መዘጊያ በተቃራኒው በእርግጥም ከዝምታ የሚለካ ነው። ሁለቱን በአንድ ቁጥር ለመግዛት መሞከሩ ነው ችግሩ።

የሚሻለው «ስንት ልጠብቅ» ብሎ ከመነሣት ይልቅ «እስከ መቼ ልጠብቅ» ብሎ መነሣት ነው። የሚታደስበትን ቅጽበትና የሚዘጋበትን ቅጽበት እንደ ሁለት ቀጠሮ ይያዙ፤ ኢንን ከመጥራትዎ በፊት ለማደሻው ቀጠሮ የቀረውን ያስሉና ያንን ብቻ ይጠብቁ፤ የመዘጊያው በየዙሩ መጀመሪያ ላይ ይታያል።

ሉፕ
   ጎሰብ ሰዓት.እይ
   ኢፍ አሁን >= የሚዘጋበት ዜን ስቶፕ
   ኢፍ አሁን >= የሚታደስበት ዜን
      ጎሰብ ስክሪን.አድስ
      ጎሰብ ሰዓት.እይ
      የሚታደስበት = አሁን + 5
   ኤንድ
   ቀሪ = የሚታደስበት - አሁን
   ኢን ኮድ ፎር ቀሪ * 10 ዜን
      ጎሰብ ሰዓት.እይ
      የሚዘጋበት = አሁን + 600
      ጎሰብ ቁልፍ.ተቀበል
   ኤንድ ኤልስ ነል
ሪፒት

ከሉፑ በፊት ሁለቱንም ቀጠሮዎች አንድ ጊዜ መሙላት እንዳይረሱ። ቁልፍ ሲገባ የሚገፋው የመዘጊያው ቀጠሮ ብቻ ነው፤ የማደሻው ባለበት ይቆያል። ኤልስ ምንም አለመሥራቱ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ማደሱን የሚወስነው ሰዓቱ እንጂ ኢን በየትኛው በር እንደወጣ ስላልሆነ በዚያ ቦታ የሚሠራ ነገር የለም። ሁለቱ ሁኔታዎች በሉፑ መጀመሪያ ላይ ስለሚታዩም ቀሪ ከ1 ያነሰ ቁጥር ይዞ ወደ ኢን አይደርስም።

ቀድሞ የነበረው የሚሽከረከር ሉፕ ከየት እንደመጣ መገመት አያስቸግርም። ብዙዎቻችን ይህን ነገር የተማርነው ከማይክሮሶፍት ቤዚኮች ነው። በጂደብሊው ቤዚክም ሆነ በኪውቤዚክ ኢንኪ$ የሚባለው አይጠብቅም፤ ቁልፍ ከሌለ ባዶ ጽሑፍ ይዞ ወዲያውኑ ይመለሳል። የጊዜ ገደብ የፈለገ ሰው ከታይመር ጋር እያነጻጸረ ራሱ መሽከርከር ነበረበት። አንድ ሰው ብቻውን በያዘው ማሽን ላይ ይህ ማንንም አይጎዳም ነበር፤ ልማዱ ግን ብዙ ሰው ወደሚጋራው ሰርቨር አብሮ ተሻገረ።

ሌሎቹ ቤዚኮች እንዲህ አልነበሩም። በ1981 በወጣው ቢቢሲ ማይክሮ ላይ ኢንኪ(500) ቢሉ ማሽኑ 500 የሰከንድ መቶኛ፣ ማለትም 5 ሰከንድ ጠብቆ ቁልፍ ካላገኘ -1 ይመልሳል፤ ቁልፍ ካገኘ ቁጥሩን ይሰጣል። በ1982 የወጣው ዜድኤክስ ስፔክትረም መጠበቁንና ማንበቡን ለያይቶ ነበር የሚያቀርበው፤ ፖዝ 250 በሰከንድ 50 ጊዜ በሚታደሰው ምስል ቆጥሮ 5 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ቁልፍ ከተጫኑ ሳይጨርስ ይነቃል፤ ከዚያ በኢንኪ$ ያነባሉ። በፒዲፒ-11 ላይ በአርኤስቲኤስ ሥር ይሠራ የነበረው ቤዚክ ፕላስ ደግሞ ዌይት በሚለው ትእዛዝ ሰከንዱን ይቀበልና ጊዜው ሲያልፍ ስሕተት ቁጥር 15 ያስነሣል። ይኸኛውን አልወደውም። ጊዜ ማለፍ በዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው ክስተት ሆኖ ሳለ እንደ ስሕተት መያዙ ኮዱን ያጣምመዋል። እርስዎ የያዙት የዜንና የኤልስ አጻጻፍ ሁለቱንም መንገድ ፊት ለፊት ስለሚያስቀምጥ ከሁሉም የተሻለ ይመስለኛል።

ባለ ሦስት ባይት

ስለ ቀስት ቁልፉ ልቀጥል። በተርሚናል ላይ «የላይ ቀስት» የሚባል ፊደል የለም። በ1978 ከወጣው ቪቲ100 ተርሚናል ጀምሮ በተለመደው አሠራር ቀስቱ ሲጫን የሚላከው ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት ተከታታይ ቁጥር ነው፦ 27፣ 91፣ 65። የታች ቀስት 27፣ 91፣ 66 ነው። የመጀመሪያው 27 ራሱ የኢስኬፕ ቁጥር ስለሆነ የእርስዎ ፕሮግራም እሱን እንዳየ ይወጣል፤ ገና ያልተነበቡት 91 እና 65 በባፈሩ ውስጥ ይቀሩና ከፕሮግራሙ ቀጥሎ የሚያነበው ሼል (የትእዛዝ መስመሩን የሚቀበለው ፕሮግራም) ይወስዳቸዋል። በትእዛዝ መስመሩ ላይ ያዩት የቅንፍ ምልክትና ፊደል እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

27 ብቻውን ሲታይ ኢስኬፕ ይሁን የቀስት መጀመሪያ ይሁን የሚለይበት ምልክት በራሱ ላይ የለውም። መለያው ጊዜ ብቻ ነው። ቀስት ከሆነ የሚከተሉት ባይቶች በዚያው ቅጽበት ስለሚላኩ አጭር ጊዜ ጠብቆ ምንም ካልመጣ ኢስኬፕ ነው ብሎ መወሰን ይቻላል። ስለዚህ በፕሮግራምዎ ውስጥ ሁለት ዓይነት የጊዜ ገደብ ይኖራል። አሮጌ ኮድ ያስረዱት የሰውን እጅ የሚጠብቅ ሲሆን በሰከንድና በደቂቃ ይለካል፤ ይህኛው ግን ተርሚናሉንና መስመሩን የሚጠብቅ ስለሆነ በሰከንድ አሥረኛ ይለካል። የሚጻፉት በአንድ ትእዛዝ ነው፤ ቁጥሮቻቸውን ግን አንዱን ከሌላው አያሰሉ። ከታች # ማለት «እኩል ካልሆነ» ማለት ነው።

ቁልፍ.ተቀበል፦
   ኢፍ ኮድ # 27 ዜን ጎሰብ ትእዛዝ.ፈጽም፣ ሪተርን
   ኢን ሁለተኛ ፎር 3 ኤልስ
      ጎሰብ ውጣ፣ ሪተርን
   ኤንድ
   ጎሰብ ቅደም.ተከተል.ጨርስ
   ሪተርን

«ቅደም.ተከተል.ጨርስ» የሚለው ክፍል ውስጥ ብዙዎች ይቸኩላሉ። ሁልጊዜ ሦስት ባይት ነው ብለው ሦስተኛውን አንብበው ይመለሳሉ። ፔጅ አፕ ግን 27፣ 91፣ 53፣ 126 ይልካል፤ ኤፍ5 ደግሞ 27፣ 91፣ 49፣ 53፣ 126 ይልካል። ሦስት ባይት አንብቦ የሚያቆም ፕሮግራም ኤፍ5 ሲጫኑበት 53ትን እንደ ተራ ትእዛዝ ይቀበለዋል፤ 53 ደግሞ የ«5» አሃዝ ነው። በዝርዝሩ ላይ 5 ቁጥርን መምረጥ ማለት ከሆነ ተጠቃሚው ያልመረጠው ሥራ ተመረጠ ማለት ነው። ትክክለኛው ደንብ እንዲህ ነው፦ ሁለተኛው ባይት 91 ከሆነ ከ64 እስከ 126 ባለው ክልል ውስጥ የሚወድቅ ባይት እስኪመጣ ድረስ ማንበብ ይቀጥሉ፤ መዝጊያው እሱ ነው። ሁለተኛው 79 ከሆነ አንድ ባይት ብቻ ይጨምሩ፤ አንዳንድ ተርሚናሎች ኤፍ1ን 27፣ 79፣ 80 ብለው ይልካሉ፤ ቀስቶቹም በአንድ ዓይነት ቅንብር በ91 ፋንታ 79 ይዘው ይመጣሉ። ሁለተኛው ከእነዚህ ከሁለቱ ውጪ ከሆነ ተጠቃሚው ኦልት ይዞ ፊደል ተጭኗል ማለት ሊሆን ስለሚችል ባይቱን ዝም ብለው አይጣሉት። በእያንዳንዱ ንባብ ላይም የ3 አሥረኛውን ገደብ ይተዉት፤ አለበለዚያ የተቋረጠ ቅደም ተከተል ፕሮግራሙን አንቆ ይይዘዋል።

ለምን 3 አልኩ? 1 አሥረኛ በራስ ማሽን ላይ ይበቃል። በኤስኤስኤች ግን ሦስቱ ባይቶች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጥቅል ቢሄዱም መስመሩ ሲደክም ተለያይተው የሚደርሱበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ ቀስቱ እንደገና ኢስኬፕ ይሆናል። በብዛት የሚሠራበት ኤንከርስስ የተባለው የተርሚናል ላይብረሪ ለዚህ የሚጠብቀው ካልቀየሩት በስተቀር 1000 ሚሊሰከንድ ነው። ያ ያለ ጥርጥር ከስሕተት ይጠብቃል፤ ነገር ግን ኢስኬፕ ተጭኖ ሙሉ ሰከንድ ዝም የሚል ስክሪን ተጠቃሚውን ደግሞ ደጋግሞ ያስጫነዋል። ከ3 እስከ 5 አሥረኛ መካከለኛው ነው። እኔን ከጠየቁኝ ግን መውጫውን ኢስኬፕ ብቻ ባያደርጉት ይሻላል፤ አንድ ተራ ፊደል አብሮት ይውጣ፤ ያኔ በመዘግየት የሚናደድ ሰው አይኖርም።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ተጠቃሚዎችዎ የአማርኛ ኪቦርድ እንደተከፈተ ረስተው ትእዛዝ ቢጫኑ ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማል። ፊደላትን በባይት በሚወክለው ዩቲኤፍ-8 «ሀ» የሚመጣው 225፣ 136፣ 128 ሆኖ ነው፤ የፊደላችን ሆሄያት ሁሉ ሦስት ሦስት ባይት ናቸው። ኢን ባይት በባይት የሚያነብ ከሆነ አንድ ሆሄ ሦስት ያልታወቁ ትእዛዞች ሆኖ ይቆጠራል፤ ስክሪኑም ሦስት ጊዜ ይጮኻል። ይህ ከኢስኬፕ የቀለለ ነው፤ የመጀመሪያው ባይት ከ224 እስከ 239 ከሆነ ሁለት ተከታይ እንዳለው ራሱ ስለሚናገር ጊዜ ለክቶ መገመት አያስፈልግም። ሦስቱን በአንድነት ያንሡና አንድ ያልታወቀ ቁልፍ አድርገው ይቁጠሩ።

አሮጌ ኮድ

ባለ ሦስት ባይት ስለ ባፈር ያነሡት አንድ ነገር አስታወሰኝ። ጥቁር ስክሪን፣ ሲስተም(14)ን ሙሉ በሙሉ አይጣሉት። ለመጠበቂያነት ክፉ ነው እንጂ ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ተጠቃሚው የታች ቀስቱን ተጭኖ ሲይዝ ኪቦርዱ ራሱ እየደጋገመ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ቀስት ስክሪኑን የሚስል ከሆነ መሳሉ ከመላኩ ይዘገይና ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላም ምልክቱ ወደ ታች መውረዱን አያቆምም። ከመሳልዎ በፊት በባፈሩ ውስጥ የሚጠብቅ ነገር ካለ መሳሉን ይለፉት፤ ቦታውን ብቻ ያሰሉና ወደ ንባቡ ይመለሱ። ባፈሩ ባዶ ሲሆን አንድ ጊዜ ይሳሉ።

የድሮው ፒሲ ይህን ችግር በሌላ መንገድ ይገላገለው ነበር፤ የኪቦርድ ባፈሩ የሚይዘው 15 ቁልፍ ብቻ ስለነበር ከዚያ ሲያልፍ ይጮኽና የተረፈውን ይጥላል። በተርሚናል ላይ ባፈሩ ከዚያ እጅግ ይሰፋልና ውዝፉ ረጅም ነው።

«ይሰረዝ?» ብሎ የመሰለ ጥያቄ ከማቅረብዎ በፊት ደግሞ ባፈሩን የሚያጸዳውን ክሊርኢንፑት ይጥሩ፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ጥያቄውን ሳያይ አስቀድሞ የተጫነው ቁልፍ መልስ ሆኖ ይቆጠራል። ጥንቃቄው ባፈሩን ቅደም ተከተል ተነብቦ ካለቀ በኋላ እንጂ በመካከል አለማጽዳት ነው። 27 ተነብቦ ጽዳት ቢመጣ፣ ቀሪዎቹ ባይቶች ገና በመንገድ ላይ ከሆኑ ከጽዳቱ በኋላ ይደርሱና እንደ ተራ ፊደል ይነበባሉ።

ጥቁር ስክሪን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በሁለቱ ቀጠሮዎች አስተካከልኩት፤ አንድ ሰው በቀስት ሲመላለስም ዝርዝሩ በየ5 ሰከንዱ ይታደሳል። የሚመጡትን ባይቶች የምታትም ትንሽ ፕሮግራምም ጻፍኩ። በእኛ ተርሚናሎች ላይ የታች ቀስት 27፣ 91፣ 66 ነው፤ ኤፍ1 ግን ከአንዱ ማሽን 27፣ 79፣ 80፣ ከሌላው 27፣ 91፣ 49፣ 49፣ 126 ሆኖ መጣ። የመዝጊያ ባይቱን ደንብ ስለተከተልኩ ሁለቱም በደህና ተነበቡ።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አንዳንድ ተጠቃሚዎች በኢስኬፕ ሳይወጡ የተርሚናሉን መስኮት ይዘጉታል። ያን ጊዜ በሰርቨሩ ላይ የቀረው ፕሮግራም ለ10 ደቂቃ ያህል አንድ ኮር ሙሉ በሙሉ ይዞ ይቆይና በራሱ ይጠፋል። የሚሽከረከረውን ሉፕ ካስወገድኩ በኋላ ይህ ከየት መጣ? ፕሮግራሙ በቀጥታ የሚነሣ ሳይሆን በአንድ የሼል ስክሪፕት ውስጥ ተጠቅልሎ የሚነሣ መሆኑን ልጨምር።

የሌሊት ተረኛ

መልሱ በመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ውስጥ አለ። መስኮቱ ሲዘጋ ሥርዓቱ ለፕሮግራሞቹ ሲግሃፕ የተባለውን ምልክት ይልካል፤ ምልክቱ የደረሰው ፕሮግራም ካልተከላከለው በስተቀር ይሞታል። ስክሪፕቱ ይህን ምልክት ችላ እንዲባል አድርጎ ከሆነ ከሥሩ የሚነሣው ፕሮግራም ይህንኑ ስለሚወርስ በሕይወት ይቀራል። መጀመሪያ የስክሪፕቱን ላይኛ መስመሮች ይፈትሹ፤ ምልክቱን ችላ ለማስባል የሚያገለግለውን ትራፕ ወይም ኖሃፕ የሚል ትእዛዝ እንደሚያገኙ እገምታለሁ።

ፕሮግራሙ ለምን ኮሩን እንደያዘ ደግሞ እንዲህ ነው። በዩኒክስ ተርሚናል ላይ በጊዜ ገደብ የሚደረግ ንባብ ቪታይም በሚባል፣ እሱም በሰከንድ አሥረኛ በሚቆጠር ቅንብር ሊሠራ ይችላል፤ ቪሚን (ንባቡ ሳይመለስ ቢያንስ የሚጠብቀው የባይት ብዛት) ዜሮ ከሆነ ጊዜው ያለፈበት ንባብ «ዜሮ ባይት አነበብኩ» ብሎ ይመለሳል። ተርሚናሉ ከነጭራሹ የጠፋ እንደሆነም ንባቡ የሚመልሰው ያንኑ ዜሮ ነው፤ ልዩነቱ ምንም ሳይጠብቅ ወዲያውኑ መመለሱ ብቻ ነው። በላይኛው ቋንቋ ይህ ሁሉ አንድ ኤልስ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሉፕዎ 5 ሰከንድ ጠበቅሁ ብሎ ያስባል፣ ሰዓቱን ሲያይ ግን ምንም አላለፈም፣ ተመልሶ ይጠይቃል፣ አሁንም ወዲያው ይመለስለታል። 10 ደቂቃው ሲሞላ የሚጠፋው አሮጌ ኮድ የሰጡዎት የመዘጊያ ቀጠሮ በሰዓት ስለሚለካ ነው፤ በኤልስ ብዛት ተቆጥሮ ቢሆን ኖሮ ገና በመጀመሪያው ሰከንድ ውስጥ በተዘጋ ነበር፤ ይህ መልካም አጋጣሚ ይመስላል እንጂ በሌላ ጊዜ በሥራ ላይ ያለውን ሰው የሚያስወጣ አካሄድ ነው።

ስክሪፕቱን ማስተካከል ካልተፈቀደልዎት ኤልሱን ባዶ አያድርጉት። ከኢን በፊት የነበረውን ሰዓት ይያዙ፤ ወደ ኤልስ ሲገቡ አሁን ካለው ጋር ያነጻጽሩ። ቢያንስ 1 ሰከንድ ጠይቀው ሰዓቱ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ያልተለመደ ነገር ነው፤ ይህ በተከታታይ ለምሳሌ 5 ጊዜ ከሆነ መስመሩ ተቋርጧል ብለው ፋይሎቹን ዘግተው ይውጡ። እውነተኛ ቁልፍ ወይም እውነተኛ የጊዜ ማለፍ ሲመጣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ ይመልሱት።

ሰዓት.እይ የሚለውን ክፍል እንዴት እንደጻፉት አላሳዩንም፤ እዚያም ላይ የምለው አለኝ። ታይም() ከእኩለ ሌሊት ወዲህ ያለውን ሰከንድ ብቻ ስለሚሰጥ በእኩለ ሌሊት ወደ ዜሮ ይመለሳል። ብዙ ሰው ዴት() * 86400 + ታይም() ብሎ ያልፋል፤ ዴት() ከታኅሣሥ 31 ቀን 1967 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ያለፉትን ቀናት ስለሚሰጥ ድምሩ ወደኋላ የማይመለስ ቁጥር ይመስላል። ሁለቱ ግን የተለያዩ ጥሪዎች ናቸው። ዴት() በ23፡59፡59 ተነብቦ ታይም() ከአንድ ቅጽበት በኋላ ቢነበብ የአሮጌው ቀን ከአዲሱ ዜሮ ጋር ይደመርና ውጤቱ አንድ ሙሉ ቀን ወደኋላ ይወድቃል። ይህ የሆነው ቀሪ ከመሰላቱ በፊት ከሆነ ፕሮግራሙ 86400 ሰከንድ ያህል ሊጠብቅ ይተኛል፤ ቁልፍ የነካ ሰው ካልቀሰቀሰውም ስክሪኑ እስከ ማግስቱ አይታደስም። ቁልፍ ከገባ በኋላ ከሆነ ደግሞ የሚዘጋበት ቀጠሮ በትናንትና ላይ ይወድቅና በሥራ ላይ ያለው ሰው በእኩለ ሌሊት ያለ ምክንያት ይወጣል። እንዲህ ያለውን ብልሽት በቀን ሞክሮ ማግኘት አይቻልም።

ሰዓት.እይ፦
   ሉፕ
      ቀን = ዴት()
      ሰከንድ = ታይም()
   አንቲል ቀን = ዴት() ዱ
   ሪፒት
   አሁን = ቀን * 86400 + ሰከንድ
   ሪተርን

ቀኑ ከሰዓቱ በፊትም በኋላም አንድ ከሆነ በመካከል ያለው ሰዓት የዚያው ቀን ነው። ከዚህም ጋር ቀሪ ከ5 በልጦ ከተገኘ 5 ያድርጉት፤ የሰርቨሩ ሰዓት በሰው እጅ ወይም በማስተካከያ ወደኋላ ቢመለስ እንኳ ኢን ከ5 ሰከንድ በላይ አይተኛም።

ጥቁር ስክሪን

በስክሪፕቱ ሁለተኛ መስመር ላይ ሲግሃፕን ችላ የሚያስብል ትራፕ አገኘሁ። ስክሪፕቱን ሌሎች ፕሮግራሞችም ስለሚጠቀሙበት እንድነካው አልተፈቀደልኝም፤ ስለዚህ በኤልሱ ውስጥ የሰዓት ማነጻጸሪያውን ጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ መስኮቱን ዘግቼ ከሌላ ተርሚናል ስመለከት ፕሮግራሙ ወዲያውኑ ፋይሎቹን ዘግቶ ይወጣል። ሰዓት.እይን እንዳሳዩኝ ጽፌዋለሁ፤ የኢስኬፕ መጠበቂያውን በ4 አሥረኛ ላይ አስቀምጬ «ው» የምትለዋን ሆሄ ሳይቀር በሦስት ባይቷ አንብቤ ሁለተኛ መውጫ አድርጌአታለሁ።